ለማናውቃት ልጅ የመጣ ሙዝ

ከሲቀላ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት የላንቴ እናት ትልቅ የሙዝ ዘለላ ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ሰው ሙዝ ከላንቴ ወደ ከተማ ያመጣል፤ እርስዎ መልሰው ይወስዳሉ?» አላቸው አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ።

«ለኮሌጁ ሬጅስትራር አምጥቼ ነው። ልጄ ነርስ ልትማር ገባችልኝ!»

«እንኳን ደስ ያለዎት! ቶሎ ተሳካላት?»

«ተጠባባቂ ነሽ፣ ምናልባት ለከርሞ ብለዋት ነበር። በሳምንቱ ደውለው ነገ መጥተሽ ተመዝገቢ አሏት።»

«ሙዙንስ ጉቦ መስሎት መለሰው?»

«የምን ጉቦ! ልጄ እኮ ተመዝግባ ጨርሳለች። እኔ ምንም አላደረግኩም አለኝ። አንዲት ልጅ እናቴን ላስታምም ብላ ቦታዋን ስለለቀቀች ነው፣ እሷን ያመስግኑ አለኝ።»

«ማን ትባላለች?»

«ስሟን አልናገርም አለ። ብቻ እግዜር እናቷን ይማርላት።»

«አሜን።»

«በሉ እንግዲህ ስለ እሷ ብሉልኝ። ወደ ኋላም አሳልፉ።»

ዘለላው እኔ ጋ ሲደርስ ሁለት ሙዝ ገነጠልኩና አንዱን ቤት ሆና እናታችንን ለምታስታምመው እህቴ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩላት።