አልቀርም ያለችው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በምንወርድበት ሚኒባስ፣ ከፊቴ ያለች ወጣት በስልኳ አኒሜ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን ፊልም ስታይ አጠገቧ የተቀመጡት እናት ጠየቋት።

«ይቺ ሰይፍ የያዘች ማን ናት ልጄ?»

«የዋናው ልጅ ፍቅረኛ ናት እማማ። ትሞትለታለች።»

«ታዲያ ጦር ሜዳ ምን ትሠራለች?»

«‹ቤት ቆዪኝ› አላት። እሷ ግን ‹እወድሃለሁ፣ ግን አልቀርም› ብላ ተከተለችው።»

«አልጠላትም?»

«ወላሂ፣ ይበልጥ ወደዳት እንጂ!»

«ማሻአላህ! አንቺስ ወዴት ነሽ?»

«የምሠራበት ፋብሪካ። መልቀቂያ ላስገባ ነው።»

«ሥራው ከበደሽ?»

«ኧረ እወደዋለሁ። እጮኛዬ ነው ተዪ ያለኝ።»

«አንቺ ምን አልሽው?»

ልጅቷ ስልኳን አጥፍታ አቀረቀረች።

«እሺ አልኩት። አሁን ለእርስዎ ስነግርዎት ግን አፈርኩ።»

እንደ እሷ እሺ ብዬ ሥራዬን የተውኩት እኔም ከኋላቸው ቀለበት ያሰርኩበትን ጣቴን በሻርፔ ሸፈንኩት።