አራጁ ያልቀመሰው ሥጋ

ሥጋ ከተውኩ ቆይቻለሁ። አባቴ ሲሞት ለተዝካሩ የታረደው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ያረሰው በሬያችን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከጉሮሮዬ አይወርድም። እዚህ አሶሳ ግን የሠፈራችን አራጅ እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ፣ ሲደግሱ ለክርስቲያን እንግዶቻቸው ለብቻ ባርኮ የሚያርድላቸው ክርስቲያን ይፈልጋሉ። ቅርባቸው ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

በቀደም ጋሽ ኢድሪስ ልጃቸውን ሲድሩ በጉን ባርኬ አረድኩላቸው። ምሳ ሲቀርብ ከባምባሲ ከመጡት ክርስቲያኖች ጋር ተቀምጬ ለራሴ ገንፎ በባሚያ ወጥ አስመጣሁ። አንዲት ሴትዮ ሳህኔን አየት አደረገችና «ይሄን በግ ማነው ያረደው?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኳት። «ታዲያ አንተ ምነው አትበላም?» «ሥጋ አልበላም።» «ጾም ነው እንዴ?» ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ጾም አልነበረም። ባልየው ክርስቲያን መሆኔን ተጠራጥሮ ያነሳውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው፤ እሱን አይቶ ሁሉም እጁን ሰበሰበ። አሁን የበሬ ታሪክ ላውራ ብል ማን ያምነኛል?

ጋሽ ኢድሪስ ነገሩ ገብቷቸው መጡ። እንዳይቀምሱላቸው ሥጋው የክርስቲያን ነው። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «እኔ አልችልም፤ አንተ ብላ» አሉኝ።

ከሴትዮዋ ፊት ትልቁን ቁራጭ አንስቼ ጎረስኩ። ባልየው ሳቀ፣ እጆች ወደ ሳህን ተመለሱ፣ ጋሽ ኢድሪስም ወጥ ሊያስጨምሩ ሄዱ።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ መብላቴ አይደለም፤ መጣፈጡ ነው።