ግጥሙ ያለቀሰለት ምንጭ

ጡረታ የወጡት መምህር ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ምንጩ ሲወርዱ አንዲት ሴት ተንበርክካ በትንንሽ ጠርሙሶች ውሃ ስትቀዳ አገኙ። ቀና ስትል አወቋት፤ አራተኛ ክፍል ያስተማሯት ልጅ ናት። ዛሬ የውሃ ጥራት መርማሪ ሆናለች። አጠገቧ መዶሻና «አይጠጣም» የሚል ሰሌዳ ተቀምጧል።

«ደህና ነዎት መምህር? ለማን ነው የሚቀዱት?»

«ለልጄ። ታይፎይድ ጥሏት ከርሞ ትናንት ከሆስፒታል ወጣች። ይህ ነው የሚያነሳት።»

«እባክዎ፣ ይህን አያጠጧት።»

መምህሩ ሦስት ሳምንት አስታመው ዝለዋል፤ የክርክር አቅም አልነበራቸውም። ቢሆንም አላስችል አላቸው።

«‹ምንጩ ጠፋብን ቧንቧ ሲመጣ፣ ፊቱን አያይም ከብረት የጠጣ› የሚለውን ግጥም አላስተማርኩሽም? ረሳሽው?»

«እንዴት እረሳለሁ! ሳልሸመድደው ቀርቼ አንበርክከውኝ የለ?»

«እንግዲያው በደንብ አላንበረከክሁሽም።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ደከመ። በሳምንቱ ይህ አራተኛ ምንጯ ነው። ወደ ዳገቱ አመለከተች።

«እነዚያ ቤቶች ግጥሙ ሲጻፍ አልነበሩም። ሠላሳ አንድ ቤት ቆጥሬያለሁ፤ ሠላሳ አንድ የሽንት ቤት ጉድጓድ። ወደዚህ ይሰርጋል። ባለፈው ወር ናሙናው ውስጥ ያገኘሁትን ባይሰሙ ይሻላል።»

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ውሃው እኮ ኩልል ያለ ነው!» አሉ መምህሩ፣ ጀሪካናቸውን እየሞሉ።

«በሽታው በዓይን አይታይማ። መምህር፣ እኔ ከግጥሙ ጠብ የለኝም። ግጥሙ ምንጩ ጠፋ ብሎ ያለቅሳል፤ እርስዎ ግን እንዳልጠፋ ቆጥረው ይጠጡታል።»

 መምህሩ ያን ግጥም አርባ ዓመት ሲያስተምሩ ወቀሳ እንጂ ለቅሶ መስሏቸው አያውቅም። በመጨረሻ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣

«እኔ ነኝ እንዴ ያሳመምኳት?» አሉ።

«እሱን ማወቅ አልችልም። ከዛሬ ወዲያ ያለውን ግን አውቃለሁ። የቧንቧውንም ቢሆን ያፍሉት፤ እስኪንተከተክ። ክዳን ባለው ዕቃ ያኑሩት፤ እጅ አይግባበት።»

ጀሪካኑን ደፉት። ከዚያም ወደ ሰፈሩ ቧንቧ ሄደው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ።

መምህሩ ለልጃቸው ውሃውን እያፈሉ ይሰጧት ጀመር። በወሩ ልጅቱ ግድግዳ ሳትይዝ እስከ በር ትሄድ ጀመር፤ ትኩሳቱም አልተመለሰባት። ይህን ያዩ ሁለት ጎረቤቶች ማፍላት ለመዱ። ድካም አለው፤ ማገዶ ይፈጃል፣ ጊዜ ይበላል። የሆስፒታሉን አግዳሚ ወንበር ለሚያውቅ ግን ቀላል ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ውሃ እኮ ጣዕም የለውም፤» አለች ልጅቱ አንድ ቀን፣ ብርጭቆውን እያስቀመጠች።

«የለውም፤» አሉና ደግመው ቀዱላት።