ካሜራው ወድቆ ሲንጋደድ

አሳንሰሩ ባይበላሽ ኖሮ አጎትና የእህት ልጅ ባልተገናኙ ነበር። ጋሽ ቀጥበል የፕሮጀክተር አምፖል እንደ ጨቅላ አቅፈው ደረጃውን እያቃሰቱ ሲወጡ፣ የእህታቸው ልጅ ፊልሟ ያለበትን ፍላሽ ጨብጣ ስትወርድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተፋጠጡ። አርባ ዓመት በዚሁ ሕንፃ ባለው ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያሳዩ፣ የተንጋደደ ምስል ባዩ ቁጥር «ቀጥ በል!» እያሉ ስለሚቆጡት ነው ስሙ የወጣላቸው። ያለ እሳቸው ፊርማ ቅዳሜ በሚካሄደው የተማሪዎች ትርኢት ላይ የሚታይ ፊልም የለም። የልጅቷን የመመረቂያ ፊልም ደግሞ ትናንት ጥለውታል።

«ጋሼ፣ ሳያዩት እንዴት ይጥሉታል?»

«ማመልከቻው ‹በስልክ የተቀረጸ› ይላል። ስልክ ለመደወያ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ፋውንድ ፉቴጅ እኮ ነው። ወድቆ የተገኘ ቪዲዮ የሚመስል ፊልም።»

«ወድቆ የተገኘ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል እንጂ ሸራ ላይ ይሰቀላል?»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አንድ ስልክ፣ ሦስት ጓደኛሞች፣ አንድ ባዶ መጋዘን። ያለን ይኸው ነው። እጥረታችንን ከምንደብቀው ታሪኩ ውስጥ አስገባነው። ተመልካቹ ‹ይሄ የእውነት ነው› ካለልን ምን ቀረን?»

«አይቻቸዋለሁ እንዲህ ያሉትን! ምስሉ እንደ ወንፊት ይናጣል፤ ድምፁ በርሜል ውስጥ የገባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ምንም የለም፣ ከዚያ ጩኸት። ለመሆኑ አውሬ የሚያባርረው ሰው ምን ቆርጦት ይቀርጻል? እኔ ብሆን ካሜራውንም ጫማዬንም ጥዬ ነበር የምፈረጥጠው!»

እውነት ለመናገር ሽማግሌው አልተሳሳቱም። ርካሽነቱን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ፣ ስንፍናውን «እውነተኛነት» ብሎ የሚያቀርብ ሞልቷል።

«እሱን ጥያቄ ሁለት ሳምንት ታግዬዋለሁ» አለች ልጅቷ። «የኔ ሰውዬ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ቆጣሪውን ለማስረጃ እየቀረጸ ነው የገባው። መጋዘኑ ጨለማ ነው፤ ያለው መብራት የስልኩ ብቻ። ስልኩን ከጣለ መንገዱ ይጠፋዋል። ስለፈራ ነው ጋሼ የማይለቀው።»

ጋሽ ቀጥበል ያቀፉትን አምፖል አዩት። መብራት ሲጠፋ ሰው ምን እንደሚሆን ለእሳቸው ማን ይነግራቸዋል?

«አሥር ደቂቃ» አሉ። «አንዲት ሰከንድ አልጨምርም።»

ፊልሙ ሲጀመር ቲኬት ቆራጯና የጽዳት ሠራተኛዋ ሥራቸውን ጥለው ገቡ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ቆጣሪ አንባቢው ተደናቅፎ ወደቀ፤ ስልኩ ከእጁ ወጣ፤ ምስሉ በጎኑ ተጋደመ። የጋሽ ቀጥበል እጅ ሳያስቡት ወደ ማቆሚያው ቁልፍ ተወረወረ።

«ተበላሸ! ቀጥ በል!»

እጃቸው ሳይደርስ ከተንጋደደው ምስል ጥግ የማንም ያልሆነ ጫማ ብቅ አለ። ቀስ ብሎ ቀረበ፤ ቆመ። አንድ እጅ ወርዶ ስልኩን አነሳና ምስሉን ቀጥ አደረገው።

«ተወው!» ብለው ጮኹ ጋሽ ቀጥበል። «አታቅናው!»

መጥረጊያው ወደቀ፤ ቲኬት ቆራጯ ወንበር ሥር ገባች። አሥሩ ደቂቃ አለቀ፤ ሰዓቱን ያየ ግን አልነበረም።

ፊልሙ ሲያልቅ ሽማግሌው ላባቸውን እየጠረጉ ፈረሙ። «ድምፁን አስተካክይ። ከመጀመሪያው ሦስት ደቂቃ ቁረጪ፤ ያንቀላፋ ሰው አይደነግጥም። የቀረውን እንዳትነኪው! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሥራው ያለው ትልቁ ካሜራ ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ ‹ይህ ሰው ለምን ይቀርጻል?› ብሎ ለጠየቀ ስልክም ይበቃዋል።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ምስሉ ሲቃና ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ ጋሽ ቀጥበል ከሁሉም ቀድመው። ሰኞ ጠዋት ስልክ እንጂ ካሜራ የሌላቸው አሥራ ሰባት ተማሪዎች ፊልማቸውን ይዘው በደረጃው ላይ ተሰልፈው ነበር። አሳንሰሩ እንደተበላሸ ነው፤ ቅር ያለው ግን አልነበረም።