መኪናዬን የት ላቁማት?

በደርግ ጊዜ ነው። አዲሱ ገበያ በነበረው ቤቴ መኪናዬን ሁልጊዜ ጋራዥ አስገብቼ እቆልፍ ነበር። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ጓድ ተፈራ፣ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ፣ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና «ጓድ፣ ምን ደብቀህ ነው የምትቆልፈው?» አለኝ። ከፍቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ሳይቀር ፈተሸ። ምንም አላገኘም፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፊት እንቅልፍ ይነሳል። በቃ፣ ልገላገል ብዬ ከውጭ እንድትታየው ግቢው ውስጥ ፊቷን ወደ በሩ አድርጌ አቆምኳት።

በማግስቱ መጣ። «ለመኮብለል ተዘጋጅተሃል ማለት ነው?» አለኝ። አዞርኳት። እንደገና መጣ። «ትናንት ወደ በሩ፣ ዛሬ ወደ ግድግዳው፤ ለማን ነው ምልክት የምትሰጠው?»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ የት ላቁማት?» ብዬ ጮህኩበት።

«ቀበሌ ግቢ አምጣት። እዚያ ማንም አይጠረጥራትም።»

ወስጄ ቁልፏን አስረከብኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሲነዳት እያየሁ በአውቶቡስ መመላለስ ጀመርኩ፤ ቢያንስ ሰላም አገኘሁ ብዬ። ሳምንት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ያው ጓድ ተፈራ ነው፤ ዓይኑ ጋራዡ ላይ ተተክሏል።

«መኪናህ እኛ ጋ ናት» አለኝ። «ታዲያ ጋራዡን አሁንም የምትቆልፈው ምን ደብቀህበት ነው?»