እንግዳ የማይጠፋበት ጌም

እንግዳ ተቀባይ ሆኜ የምሠራበት ሆቴል ከተዘጋ ወዲህ ለንግድ ብልባላ ገበያ እመላለሳለሁ። ወደ ላሊበላ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው አስጎብኚ ስልኩ ላይ ጌም ይጫወታል። ባጁን ከአንገቱ አላወለቀም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለው አጠገቡ ያለው ጓደኛው።

«ከተማ ትሠራለህ። ሆቴል፣ መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስታቆም ቱሪስት ይመጣል። ሥዕሉ ሲያምር! አንዴ ከጀመርከው አይለቅህም።»

«ጥሩ ነዋ።»

«ምን ጥሩ ነው! መንገድ አይዘጋ፣ ጦርነት የለ፣ እንግዳው ዝም ብሎ ይጎርፋል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች እኛን ቢጠይቁን ምን ነበረበት?»

«አብሽር፣ ጨዋታ አይደል እንዴ?»

«ዋናውን መች ነገርኩህ። ጥበቃ ትቀጥራለህ፣ ምግብ አብሳይ ትቀጥራለህ። አስጎብኚ ግን የለውም። ገብተው አይተው ይወጣሉ፣ አንድ ሰው እንኳ ‹ይሄ ምንድን ነው?› ብሎ አይጠይቅም።»

«ታዲያ አጥፋዋ!»

«አጥፍቼው ነበር።»

«እና?»

«የአስጎብኚዎች ማኅበር ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ እውላለሁ፣ የሚመጣ የለም። እዚህ እንኳ ሲመጡ ልይ ብዬ መለስኩት።»

ስልኩ ላይ አንድ አውቶብስ ሙሉ እንግዳ ሲወርድ አየሁና፣ ሳላስበው የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልኩ።