ቀለም ነካሪው የመለሰው ቀሚስ

(ደሴ፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ቢሆነውም ጥቁር ልብሷን ያላወለቀችው ዘነቡ ነገ ልጇን ልትድር ነው፤ የሟቹ እህት ትርንጎ ዘንቢል አንጠልጥላ ገብታለች።)

ዘነቡ፦ ቀሚሴን ለነካሪው አድርሺልኝ አልኩሽ እንጂ አዙረሽ አምጪልኝ አልኩሽ?

ትርንጎ፦ አድርሼ ነበር። «ይሄ ልብስ ከጨርቁ ቀለሙ በልጧል፤ ከእንግዲህ አይጠጣም» ብሎ መለሰልኝ።

ዘነቡ፦ በየፋሲካው ሲነክርልኝ ኖሮ ዛሬ ምን ሆነ?

ትርንጎ፦ ሰለቸዋ። ሐዘንሽ ራሱ «ልወይብ ፍቀጂልኝ» እያለ ይለምንሻል፤ አንቺ ታስነክሪዋለሽ።

ዘነቡ፦ ዘንቢሉ ውስጥ ያለው ሌላው ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ለነገ ያሰፋሁልሽ ቀሚስ። ወይን ጠጅ።

ዘነቡ፦ ወይን ጠጅ? በዚህ ዕድሜዬ?

ትርንጎ፦ ማክሰኞ ለሐኪሙ ዕድሜሽን ስትነግሪው አምስት ዓመት ቀንሰሽ የለም እንዴ? በዚያኛው ልበሺው።

ዘነቡ፦ አታስቂኝ። እኔ ነገ ጓዳ ነኝ። ወጡን እቆጣጠራለሁ፤ ጥቁሬም ሰው ዓይን አይገባም።

ትርንጎ፦ ወጡን የሚቆጣጠሩ አሥራ ሁለት ሴቶች አሉ። ያጣነው አንዲት የሙሽራ እናት ነው።

ዘነቡ፦ የባሌ ወገኖችስ ምን ይሉኛል? «ይሄን ሁሉ ቆይታ ለጭፈራ አወለቀችው» አይሉም?

ትርንጎ፦ የባልሽ ወገን እኔ ነኝ። ይኸው፣ ምንም አላልኩም።

ዘነቡ፦ አንቺማ በዓመቱ አወለቅሽ።

ትርንጎ፦ አወለቅሁ። ተቀይመሽኝ ነበር እንዴ?

ዘነቡ፦ ትንሽ።

ትርንጎ፦ እስከ መቼ?

ዘነቡ፦ እስከ ዛሬ ጠዋት።

ትርንጎ፦ አይ ዋርሳዬ። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።

ዘነቡ፦ ተረትሽን ተይው። ትርንጎ፣ ይሄን ያወለቅሁ ቀን የሚሞት ይመስለኛል።

ትርንጎ፦ ሞቷል፣ ዘኑዬ። አብረን ነው የቀበርነው።

ዘነቡ፦ አውቃለሁ።

ትርንጎ፦ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ወንድሜ እስክስታ አይችልም ነበር። ግን ካልተጎተተ ከሠርግ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

ዘነቡ፦ በታናሽ እህቴ ሠርግ ትከሻዬን ልነቅንቅ ብሎ የአጎቴን ጠላ ጋቢያቸው ላይ ደፋው። አጎቴ እስኪሞቱ «ያ ባልሽ ደህና ነው? ጋቢዬስ?» ይሉኝ ነበር።

ትርንጎ፦ እንዲህ ስትስቂ ካየሁሽ ስንት ጊዜዬ። ነገ ቢኖር የት ይቀመጥ ነበር?

ዘነቡ፦ ከልጁ አጠገብ ነዋ፤ የት ይሄዳል?

ትርንጎ፦ ልጅቷ ትናንት ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ?

ዘነቡ፦ ምን አለች?

ትርንጎ፦ «አባቴን ሞት ወሰደብኝ፤ እናቴን ግን ማን እንደወሰደብኝ አላውቅም» አለችኝ።

ዘነቡ፦ እንዲህ ብላ?

ትርንጎ፦ እንዲህ ብላ። ወሬ ላይ መጨመር እንደምወድ ታውቂያለሽ፤ በዚህኛው ላይ ግን አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ዘነቡ፦ በይ ወይን ጠጁን አውጪና በሩን ዝጊው። የዚህ ቀሚስ ዚፕ ከኋላ ነው፤ ብቻዬን አይሆንልኝም።